ደብረ ማርቆስ አካባቢ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ቦታ አለ?

ጮቄ_ሥር

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባለትዳርና የልጆች አባት ነኝ፤ የምሠራው ቢሮ ውስጥ ነው። ስሜን ባልጽፍ ቅር አይበላችሁ።

መጠጥ የጀመርኩት እንደማንኛውም ሰው በጠላና በቢራ ነው። አሁን የደረስኩት አረቄ ላይ ነው። ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ እስክሪብቶ አይዝልኝም። ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ እያየኝ መፈረም ያስፈራኛል። የትናንቱ ፊርማዬና የዛሬው አይመሳሰሉም።

ጸበል ገብቼ ለተወሰኑ ወራት ትቼው ነበር። የዘመድ ተዝካር ላይ "በሞቴ አንድ ጣሳ" ተባልኩና በዚያው ተመለስኩ። ምክር ጠልቼ አይደለም፤ ተመክሬ ግን ጠግቤያለሁ። እናቴ እያለቀሰች መክራኛለች። ሽማግሌ ተልኮብኛል። አለቃዬ አስጠንቅቆኛል። አንዳቸውም ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በላብ ተነክሮ መንቃት ምን እንደሆነ አያውቁትም። እኔ የምፈልገው ይህን የሚያውቅ፣ አልፎትም የወጣ ሰው ፊት ለፊት ማየት ነው።

ውጭ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ይነጋገራሉ ይባላል። አዲስ አበባም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እዚህ ጎጃም ውስጥስ? ካለ እንዴት ይገባል? መናገር ግዴታ ነው? ማርቆስ ደግሞ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ጠዋት የገባህበትን ቤት ማታ ሚስትህ ትሰማለች።

ሲስተር_ከአእምሮ_ክፍል

ወንድሜ፣ ስብሰባው ይደርሳል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። ጠዋት ካልጠጣህ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ በድንገት አታቁም። "ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ" ብለህ በር ዘግተህ እንዳትተኛ።

ሰውነትህ ከአልኮሉ ጋር ተላምዷል። ድንገት ሲቋረጥበት 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ልቡ ይመታል። ይህ ሰው ይገድላል። ቤተሰብ "ጋኔን ያዘው" ብሎ አስሮ ሲያስቀምጠው አይቻለሁ። ያ ሰው በዚያች ሰዓት ሐኪም ፊት መሆን ነበረበት።

ሕክምናው አለ። ሐኪም መዝኖ ለጥቂት ቀናት ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ያዝዛል፤ መጠኑ እየቀነሰ ይቆማል። ከመድኃኒት ቤት ራሳችሁ ገዝታችሁ ከአረቄ ጋር እንዳትወስዱት አደራ። ሁለቱ ሲደራረቡ ትንፋሽ ያዳክማሉ። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። ይህን የምለው ብዙ ሰው ጠጥቶ ሲያድር ክሊኒክ ሄዶ "ግሉኮስ ስቀሉልኝ" ስለሚል ነው። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ቢ1 ሳያገኝ ግሉኮስ ብቻ ከተሰጠው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ግሉኮስ ሲሰቀልላችሁ ጠጪ መሆናችሁን ለባለሙያው ንገሩ።

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራ፣ በባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ካርድ ክፍል ላይ ሰው ሰምቶኝ ይሆን ብለህ ከፈራህ "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" በል። ውሸትም አይሆንም። ውስጥ ከገባህ በኋላ ሁሉንም ንገረን፤ በተለይ የመጨረሻውን መለኪያ መቼ እንደጠጣህ። ያኔ ስብሰባውንም እዚያው ጠይቅ።

የዓባይ_ማዶ

እኔ ይሄ ሁሉ ስብሰባ አይታየኝም። ወንድ ልጅ ቁርጥ ካለ ቁርጥ ነው። አባቴ ሲጋራን በአንድ ቀን ጣለ፤ ዳግመኛ አልነካም። ገበናህን ለማታውቀው ሰው ዘርግፈህ ነገ ቢያወራብህስ? ጓደኛ ቀይር፣ ቤትህን ያዝ፣ ሥራህን ሥራ። እግዚአብሔርም ይረዳሃል።

ጣና_ዳር

የዓባይ_ማዶ፣ ለአባትህ ዕድሜ ይስጣቸው። እንዲህ የሚተው ሰው አለ፤ አልክድህም። ግን ሲስተር የጻፉትን ደግመህ አንብበው። ሲጋራ በድንገት የተወ ሰው ይነጫነጫል። አረቄ በድንገት የተወ ሰው ሊሞት ይችላል። ደግሞ ቁርጥ ያለማለት ችግር አልነበረብንም። እኔ ስንት ማለዳ ቁርጥ ብዬ ስንት ከሰዓት እንደፈታሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጮቄ_ሥር፣ ወንድሜ፣ አሁን ወዳንተ ልምጣ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ካቆምኩ ዓመታት አልፈውኛል። የመጀመሪያ ስብሰባዬ አዲስ አበባ ነበር፤ ለሥራ ሄጄ። እንዳየሁት ልንገርህ።

በሩ ላይ ጽሑፍ የለም። ክፍሉ ውስጥ ወንበር በክብ ተደርድሯል፤ ጥግ ላይ የሻይ ቴርሞስ አለ። ስም የሚመዘግብ ሰው የለም። መታወቂያም የሚጠይቅህ የለም። አንዱ መሪ ሆኖ አጭር ጽሑፍ አነበበ፤ ከዚያ በየተራ መናገር ተጀመረ። የሚናገረው የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ይላል፣ የአልኮል ሱስ እንዳለበት ይናገራል፣ ከዚያ የገዛ ታሪኩን ያወራል። ሌላው ያዳምጣል። አያቋርጡትም። ሲጨርስም "እንዲህ ብታደርግ ኖሮ" የሚለው የለም። ይሄ ነው መጀመሪያ የገረመኝ። እኛ አገር ሰው ችግሩን አውርቶ ሳይጨርስ ሦስት መካሪ ይነሳበታል።

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት" አልኩ። "እንኳን ደህና መጣህ" ብለው አለፉኝ። መናገር ግዴታ አይደለም።

አንድ ሰው አለ፤ ሱፍ የለበሰ፣ ቁመናው የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚመስል። አረቄውን በሃይላንድ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ሥር ያስቀምጥ እንደነበር ተናገረ። ስብሰባ ላይ ሲሆን ውሃ የጠማው መስሎ ይጎነጫል። ሰው እንዳይሸተው ቅርንፉድ ያኝካል። እኔ በዚያች ሰዓት ባሕር ዳር ቢሮዬ ጠረጴዛ ሥር ያለችው ሃይላንድ ታየችኝ። ቅርንፉዱም በኪሴ ነበር። እንዲህ የማደርገው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት የሰማሁት ምክር ያላደረገውን ያ ሰው በአምስት ደቂቃ አደረገው።

ክፍያ የለውም። መጨረሻ ላይ ለሻይና ለክፍሉ የምትሆን ያለው ይጥላል፤ የሌለው ዝም ብሎ ይቀመጣል። መግቢያው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠጣት ለማቆም መፈለግ። ስብሰባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ዝግ የሚባለው ችግሩ ላለበት ሰው ብቻ ነው። ክፍት የሚባለው ላይ ሚስትም ወንድምም ሐኪምም መግባት ይችላል። ሰው እንዳያየኝ የምትል ከሆነ ዝጉን ጠይቅ። እዚያ የምታገኘው ሰው አንተን እንዳየህ አንተም አይተኸዋል። የተነገረው እዚያው ይቀራል የሚለው ደንብ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ጎጃም ውስጥ ቋሚ ስብሰባ የሚካሄድበት ቦታ እኔ አላጋጠመኝም። ግን የነገሩን አነሳስ እወቀው። በ1935 (እ.ኤ.አ.) ቢል የሚባል የኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ አክሮን ወደምትባል የኦሃዮ ከተማ ይሄዳል። መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት ነው። ሥራው ይበላሽበታል። ሆቴሉ ውስጥ ከመጠጥ ቤቱ የሚመጣው ሳቅ ይስበዋል። ያን ጊዜ ስልክ አንስቶ በከተማው ያሉ ቀሳውስትን "የሚያነጋግረኝ ሌላ ጠጪ አገናኙኝ" ይላል። አስበው! ሊያስጥለው የሚችል ብርቱ ሰው አልፈለገም፤ እንደሱ የሚቸገር ሰው ፈለገ። ቦብ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኙ። ዶክተሩ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ጠጣ የሚባልበት ቀን፣ ሰኔ 10 (እ.ኤ.አ.)፣ እስከ ዛሬ የማኅበሩ የልደት ቀን ሆኖ ይከበራል። "አልኮሆሊክስ አኖኒመስ" (ስማቸውን የማይገልጡ ጠጪዎች እንደማለት) ተብሎ ዓለም ላይ የተበተነው ከእነዚያ ሁለት ሰዎች ወሬ ተነስቶ ነው።

ስለዚህ ማርቆስ ውስጥ ስብሰባ አለ ወይ ብለህ ብቻ አትጠይቅ። ሌላ አንድ ሰው አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። እሱ እንዳለ እኔ እምልልሃለሁ።

ጮቄ_ሥር

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ሰኞ በድንገት ላቆም ነበር ያሰብኩት።

ጣና_ዳር፣ የሃይላንዱን ነገር ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ። ተመልሼ ነው የምጽፍልህ። አንድ ሥጋት ግን አለኝ። ይሄ ነገር ሃይማኖት ያስቀይራል የሚሉ አሉ። አምላክ፣ ጸሎት የሚባል ነገር አለበት ይላሉ። እኔ ማተቤን በጥሼ የምሄድበት ቦታ የለም። ሁለተኛ፣ እኔ እኮ ሁዳዴን ሙሉ መጠጥ የማልነካባቸው ዓመታት ነበሩ። ያ ማለት ሱሰኛ አይደለሁም ማለት አይደለም?

ጣና_ዳር

ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። ስብሰባው የየትኛውም እምነት አይደለም። ከራሳችን በላይ የሆነ ኃይል ይላሉ፤ እያንዳንዱ እንደሚያውቀው አምላኩ ነው። እኔ በሥላሴ እጸልያለሁ፤ ጎኔ የተቀመጠው ሙስሊም ወንድሜ በራሱ። የሚሰብክህ ካገኘህ ያ ቦታ ሌላ ነገር ነው፤ ውጣ።

ስለ ሁዳዴው ጥሩ አነሳህ። እኔም ለዓመታት ራሴን ያታለልኩት በዚያ ነው። ጾሙን ትጠብቃለህ፤ ግን ቀኑን ትቆጥራለህ። ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምን እንደምታደርግ አስታውስ። ያቆመ ሰው የሚያርፍበት ነገር አለው። ያ ዕረፍት ነበረህ?

የደብሩ_አገልጋይ

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። በምሥራቅ ጎጃም ካህን ነኝ። ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ ስለ ግዝት። ሰዎች ይመጡና "አባ፣ ለአንድ ዓመት ይገዝቱኝ" ይሉኛል። እገዝታለሁ። ዓመቱን ሲጨርስ ግን በዚያው ዕለት ማታ አረቄ ቤት የተገኘ አውቃለሁ። ግዝቱ አስሮት ቆየ እንጂ አብሮት የሚሄድ ሰው አልነበረውም። አሁን የሚገዘት ሰው ሲመጣ "ማን አለህ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ቀድሞ የተወ ሰው በአጥቢያው ካለ፣ ሁለቱም ሲፈቅዱ፣ አገናኛቸዋለሁ። ይኸ እናንተ ከምትሉት ስብሰባ የሚርቅ አይመስለኝም።

ሁለተኛ ስለ ጸበል። ግሽ ዓባይም ሆነ በየደብሩ ጸበል የሚገባው ብዙ ነው፤ ብዙም ተፈውሶ አይቻለሁ። ግን ጠጪው በገባ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲለፈልፍ ሁሉም ነገር የርኩስ መንፈስ አይደለም። እኅታችን ነርሷ የጻፈችውን ለጸበል አስጠማቂዎች ማንበብ ይገባል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ለዚህኛው በሽታም ያው ነው። ጸበል ተጠመቁ፤ ኪኒናውንም ዋጡ።

ሦስተኛ ስለ ማኅበር። የጽዋ ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀርብ "አፈር ስሆን፣ በሞቴ" የሚለው ልመና ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ለአንዳንዱ ግን ሞት ነው። በእኛ ማኅበር ጠላው ጎን ብርዝ እንዲቀርብ ተስማምተናል። በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን፤ ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራል። "ለምን አትጠጣም" ብሎ መጠየቅንም ትተናል። ይህን ለማድረግ የተሰበሰበው ሕዝብ አላጉረመረመም። ዓመት ሙሉ የሚጠብቁት የሚመስለኝ ሰዎችም ነበሩ።

ጮቄ_ሥር

አባ፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። "ማን አለህ?" የሚለው ጥያቄዎ ልቤ ውስጥ ገባ።

ቡሬ_ነኝ

እኔ ጠጪ አይደለሁም፤ የጠጪ ሚስት ነኝ። ጮቄ_ሥር፣ ወንድምዓለም፣ ሚስትህ ይህን ብታነብልኝ ደስ ይለኛል።

እታለም፣ አንቺም ብቻሽን አይደለሽም። እኔ ባሌ ዱቤ የሚጠጣባቸውን ቤቶች እየዞርኩ እከፍል ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ። "አሞት ነው" እያልኩ ለቢሮው እደውል ነበር። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ውጭ አገር ናት። የጠጪ ቤተሰቦች የሚገናኙበት "አል-አኖን" የሚባል ማኅበር እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት። ከ1951 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። እዚያ የሚሉት ነገር ሸክሜን አቀለለልኝ፦ መጠጡን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም፣ ልትቆጣጠሪውም አትችዪም፣ ልታድኚውም አትችዪም። ራስሽንና ልጆችሽን መያዝ ግን ትችያለሽ።

ዱቤውን መክፈል አቆምኩ። ባለአረቄዋን ሄጄ "ከዛሬ ጀምሮ ያለው የሱና ያንቺ ነው" አልኳት። ተቆጣች። ባሌም ተቆጣ። ባሌ ሆስፒታል የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ይጠጣል አይጠጣም የሚለውን እዚህ አላወራም፤ የሱ ጉዳይ ነው። እኔ ግን እንቅልፍ እተኛለሁ።

አገው_ምድር

የሴቶች ነገር እንዳይረሳ ብዬ ነው የምጽፈው። ከእንጅባራ ነኝ። እናቴ አረቄ አውጥታ ነው ያሳደገችን። ዳጉሳውን፣ ብቅሉን፣ ጌሾውን እኔ ነበርኩ የማዘጋጀው። አረቄ የምታወጣ ሴት ትቀምሳለች፤ ካልቀመሰች ብርታቱን እንዴት ታውቃለች? ለጥር 23 የፈረስ በዓል ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ እሳቱ ሥር ናት። ጭሱ፣ ድካሙ፣ መለኪያው። እናቴ ሰክራ አደባባይ ወድቃ አታውቅም። ግን ማታ ማታ ሳትጠጣ አትተኛም ነበር። ሰካራም ያላት ሰው የለም፤ የጠየቃትም የለም።

አሁን እሷ አርፋለች። እኔ ራሴ ሃያዎቹ ውስጥ ሆኜ መለኪያውን አነሳሁት። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን አጥፍቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም ከልክሏል። ጥሩ ነው። የኛ ቤት መጠጥ ግን ጓዳ ነው የሚወጣው፤ ማስታወቂያም ዕድሜም አልጠየቀኝም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ወንዶች በሞሉበት ክፍል አንዲት ሴት እንዴት ትገባለች? ወንድ ጠጥቶ ተወ ሲባል "ጎበዝ" ይባላል። ሴት ጠጥታ ተወች ሲባል መጀመሪያ የሚሰማው መጠጣቷ ነው።

ሲስተር_ከአእምሮ_ክፍል

እኅቴ፣ ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። በዓለም ላይ የሴቶች ብቻ የሆኑ ስብሰባዎች አሉ፤ የተጀመሩትም ያልሽው ምክንያት ስላለ ነው። እኛ ጋ ለጊዜው የማየው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በሆስፒታሉ በኩል ሴት ነርስ ጠይቂ፤ ሌላ ሴት ታካሚ ስትመጣ፣ እሷም ከፈቀደች፣ ታገናኝሻለች። ሁለተኛው የኦንላይን ስብሰባ ነው። ካሜራ ሳትከፍቺ፣ ስምሽን ለውጠሽ መግባት ትችያለሽ። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሳታሳድሪ ነይ፤ አልኮል ጽንሱን ይጎዳል።

ዳንግላ_ልጅ

የኦንላይኑን እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ልንገራችሁ። የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ የኦንላይን ስብሰባዎች ዝርዝር ያለበት ድረ ገጽ አለ። ቀንም ሌሊትም የሚካሄድ አይጠፋም። አብዛኛው በዙም ነው። እኔ የገባሁባቸው በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ ቀስ ብለው ስለሚናገሩ ከገመትኩት በላይ ተረዳሁ። ቪዲዮውን ካጠፋችሁት ዳታ ብዙ አይበላም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ወጥታችሁ ብትመለሱ የሚቆጣ የለም።

አዲስ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከተጻፈ 3 ቀንሱለት፤ የኛ ሰዓት ይሆናል። 8:00 ካለ ጠዋት 5 ሰዓት ነው። 18:00 ካለ 3 ስትቀንሱ 15፣ ማለትም ከምሽቱ 3 ሰዓት። ከ12 በላይ ሲሆን 12 ቀንሱ። እኔ ይሄን እስክለምድ ድረስ ባዶ ክፍል እየገባሁ እቀመጥ ነበር።

መጀመሪያ ስትገቡ "አዲስ ሰው አለ?" ይላሉ። እጅ ማንሳት ግዴታ አይደለም። ካነሳችሁ ግን ስልካቸውን የሚሰጧችሁ አሉ። እኔ አንድ ኬንያዊ አለልኝ። ፍላጎቱ ሲነሳብኝ እጽፍለታለሁ። አገሩም ቋንቋውም ሌላ ነው፤ ያንን ሰዓት ግን ያውቀዋል።

የዓባይ_ማዶ

ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ ቁርጠኝነት ይቀድማል ባይ ነኝ። የመንፈራገጡን ነገር ግን አላውቅም ነበር። ሲስተርን አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ጊዜ የማይተዋወቅ ሰው አንድ ቤት እየተሰበሰበ በር ቢዘጋ ጥርጣሬ ያመጣል። ጎረቤትም ቀበሌም ምን እየተደረገ ነው ይላል። ይህንን አስቡበት።

ጣና_ዳር

ልክ ብለሃል፤ እውነተኛ ሥጋት ነው። ስለዚህ በግለሰብ ቤት አይጀመር። ሆስፒታል ግቢ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ይሻላል፤ ኃላፊው ያወቀው፣ ሰው በተለያየ ጉዳይ የሚገባበት ቦታ። በቀን ይሁን፤ አመሻሽ መንገድ አይመችም። እዚያ ቦታ የገባ ሰው ለምን እንደገባ አይታወቅበትም። ስምም ስለሚጠበቅ ይሄ ይሻላል።

ጮቄ_ሥር

ለጠፋሁበት ይቅርታ። ሆስፒታል ገብቼ ነበር። ሲስተር እንዳሉት "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" ብዬ ካርድ አወጣሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት። ስንት እንደምጠጣ ስትጠይቀኝ ግማሹን ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝና "የቀረውንስ?" አለችኝ። ነገርኳት። ተኝቼ ታከምኩ። ሁለተኛዋ ሌሊት ከባድ ነበረች፤ እሷን ቤቴ ሆኜ ባሳልፋት ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም።

ስወጣ ነርሷን ጠየቅኩ። እንደኔው የታከመ አንድ ሰው እንዳለ ነገረችኝ፤ ስሙን ግን አልነገረችኝም። መጀመሪያ እሱን ጠየቀችው። ሲፈቅድ ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት ባዶ ክፍል አገናኘችን። ሦስተኛ ሰው እሱ ይዞ መጣ። ሰዎቹን እዚህ አልገልጻቸውም። አንዱን በመልክ አውቀው ነበር፤ እሱም አወቀኝ። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ በሩን በሩን አየን። ከዚያ ተቀመጥን።

ጣና_ዳር የጻፍከውን ነው የተከተልነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ምክር የለም። ምክር መከልከሉ እንዴት ይከብዳል! አንደኛው ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያወራ አፌ ላይ የመጣውን ሐሳብ በግድ ነው የዋጥኩት። ተራዬ ሲደርስ ስለ ፊርማዬ ተናገርኩ። ያ ሰው "እኔ ማኅተም ብቻ እያደረግኩ ፊርማውን ለረዳቴ እሰጠው ነበር" አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም። በቃኝ።

የበዓል ሰሞን እንዴት እንደምንሆን ተነጋገርን። ግብዣ ቤት ስንሄድ ከመግባታችን በፊት እንድንደዋወል፣ "በሞቴ" ሲበዛም ተነስቶ መውጣት ነውር እንዳልሆነ ተስማማን። ለሚለምኑን "ሐኪም ከልክሎኛል" እንላለን፤ እውነትም ከልክሎናል።

ጥያቄ አለኝ። ከሦስታችን አንዱ ጠጥቶ ቢመጣ ምን እናድርግ? እንመልሰው?

ጣና_ዳር

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አይመለስም። ይግባ፤ ይቀመጥ፤ ያዳምጥ። በዚያ ቀን ግን እንዳይናገር በትሕትና ጠይቁት፤ በተናገረው ነገር ነገ እንዳያፍር። ሲጨርስ አንዳችሁ ቤቱ አድርሱት። በማግስቱ የሚደውልለት ሰው ይኑር። ደጋግሞ የሚጠጣ ከሆነ ወደ ሐኪሟ ይመለስ፤ ፍላጎት የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ። መጠጣቱን ቆጥራችሁ አታስወጡት። ጠጥቶም የመጣው ወደ እናንተ ነው።

ገንዘብ ደግሞ አታበዳደሩ። እኔ ባየሁት ከመጠጥ ይልቅ ሰው የበተነው ብድር ነው።

ሰላም_ከፍኖተ_ሰላም

ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን አልጻፍኩም። እኔም ነኝ። ሆስፒታላችን አእምሮ ክፍል እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ሐሙስ እሄዳለሁ። ሲስተር፣ ስለ ሌላ ሰው ስጠይቅ ምን ብዬ ልጠይቅ? ፍርሃት አፌን ያስረዋል።

ሲስተር_ከአእምሮ_ክፍል

እንዲህ በል ወይም በዪ፦ "መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ። እንደኔ የሚቸገር፣ ሊያነጋግረኝ የሚፈቅድ ሰው ካለ ስልኬን ስጡልኝ።" ስልክሽን አንቺ ትሰጪያለሽ፤ የሌላውን ስም አትጠይቂም። ነርሱ ባይገባው ይህን ገጽ ከፍተሽ አሳዪው። ከሐሙስ በፊት ግን በራስሽ አታቁሚ፤ መንቀጥቀጥ ወይም መቃዠት ከጀመረ ሐሙስን ሳትጠብቂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ሰው ይዘሽ።